ቢላዋውን ማን ሳለው?

ሰንጋ ተራ ላይ አንገቱን አቅንቶ ሽቅብ የሚያይ ሰው ሰማይ ሳይሆን መስተዋት ያያል። ባንኮቹ በየተራ መጥተው ፎቃቸውን ገትረዋል፤ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ከሁሉም በላይ ሆኖ ቁልቁል ይመለከታቸዋል። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍባቸው፣ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ አንድ ጊዜ አስፋልቱ ላይ፣ ሌላ ጊዜ መስተዋቱ ላይ ያልፋል። የመስተዋቱ ታክሲ ግን ሙሉ አይደለም። የመስኮቱ ክፈፍ ይቆራርጠዋል፤ አፍንጫው አንዱ መስኮት ላይ ሲደርስ ጭራው ሦስተኛው ላይ ቀርቷል።

ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ የድሮ ፊልም ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» ነው፤ ባልሠራው ግድያ የሚታደን ሰው ታሪክ። ሲጀምር ሰው የለም፣ ቤት የለም። አረንጓዴ መደብ ላይ ቀጫጭን መስመሮች በቁምና በአግድም ይሰመሩና መረብ ይሆናሉ። የተዋንያኑ ስም በመስመሮቹ ላይ እንደ ሊፍት ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ መረቡ ሳናውቀው የኒውዮርክ ፎቅ ግድግዳ ሆኖ ይገኛል፤ መስተዋቱ ውስጥ ታክሲውና ሕዝቡ ይተራመሳል። መጨረሻ ላይ ራሱ ሂችኮክ ብቅ ይልና አውቶቡስ ያመልጠዋል፤ በሩ ፊቱ ላይ ጥርቅም።

መስመሮቹን ያሰመረው ሳውል ባስ ይባላል። ዋና አዘጋጃችን የዚህን ሳምንት ዓምድ የሰጠኝም ሚያዝያ 30 የልደቱ ቀን ስለሆነ ነው፤ ሰውየው በ1912 ዓ.ም. ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡ ስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበር። የዩናይትድ አየር መንገድንና የስልክ ኩባንያውን ኤቲ ኤንድ ቲን ዓርማ የሠራ እጅ የሱ ነው። በአጭር ዘጋቢ ፊልም ኦስካር አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሞተ። ይህን ማንም መዝገበ ሰብእ ላይ ያገኘዋል፤ ስለዚህ አልቆይበትም። የሚያቆየኝ በስሙ ዙሪያ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ አንድ የግድያ ፋይል ነው።

በነገራችን ላይ ሰንጋ ተራ የዚህ ዓይነት ወሬ ባይተዋር አይደለም። ስሙ እንደሚናገረው የሰንጋ ገበያ የነበረበት ሰፈር ነው፤ ቢላዋ፣ ስለትና ደም የእንጀራው አካል ነበሩ። ወደ ልደታ ወረድ ሲሉ ደግሞ የከተማው ሰው በአጭሩ «ልደታ» ብቻ ብሎ የሚጠራው ፍርድ ቤት አለ። «ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያለ ሰው ለማርያም ይሁን ለዳኛ ከፊቱ ይታወቃል። በሌላው ወገን፣ ከፍ ብሎ፣ ብሔራዊ ቴአትር። ገበያው፣ ችሎቱና መድረኩ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።

ከቴአትሩ ልጀምር። ሕንፃውን የጀመሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለውት ነበር። በኋላ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ አስፋፍቶት በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። በር ላይ ያለውን አንበሳ የቀረጸው ሌላው ፈረንሳዊ ሞሪስ ካልካ ነው። ለምረቃው የታየው ተውኔት የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ልብ በሉ፣ የግድያ ታሪክ ነው። ንጉሥ የሰው ሚስት ይወዳል፣ ባሏን ጦር ግንባር ልኮ ያስገድላል። ተመልካቹ ገዳዩን ገና ከቤቱ ሳይወጣ ያውቀዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ነግሮታል። ለደራሲው የቀረለት «ማን ገደለ?» ሳይሆን «ገዳዩ ራሱን የሚያውቀው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ 1948፣ አሜሪካ ውስጥ የኦቶ ፕሬሚንገር «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም» ወጣ። መክፈቻውን ባስ ሠራው፤ ነጫጭ ዱላዎች ጥቁር ላይ ይጋጫሉ፣ በመጨረሻ የተሰባበረ የሚመስል የወረቀት ክንድ ይሆናሉ። ባለታሪኩ የመርፌ ሱሰኛ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ የስም ዝርዝሩ የማንም ጉዳይ አልነበረም። ማሽን ነጂው ታይትሉን ገና ባልተከፈተው መጋረጃ ላይ ይለቀዋል፣ ሰዉ ፈንዲሻውን ይገዛል፣ ወንበሩን ይፈልጋል። (እኛም ዘንድ ያው ነበር፤ ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ፣ የአስተናጋጁን ባትሪ እየተከተሉ፣ የሰው እግር እየረገጡ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ማለት።) የፕሬሚንገር ፊልም ግን ከጣሳው ጋር መልእክት ይዞ መጣ፤ ታይትሉ ሳይጀምር መጋረጃው ይከፈት የሚል። ከዚያ ቀን ወዲህ መክፈቻ የፊልሙ ሥጋ ሆነ።

ለግድያ ፊልም ደግሞ ከሥጋም በላይ ነው። የፍቅር ፊልም በአበባ ቢከፈት ማንም አይጎዳም። የምርመራ ፊልም ሲሆን ግን ታይትሉን የሚሠራው ሰው ከተመልካቹ በፊት ገዳዩን ያውቃል፤ አውቆም መናገር የለበትም፣ መዋሸትም የለበትም። ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥልሃል፣ አንተ ግን ጌጥ መስሎህ ታልፈዋለህ። የእኛ ሰው ይህን ጨዋታ ከቅኔ ያውቀዋል። ኅብረ ቃሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚደበቀው።

ባስ ይህን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሳየ። በ«ቨርቲጎ» (እ.ኤ.አ. 1958) ካሜራው የአንዲት ሴት ፊት ላይ ይቀርባል፤ ከንፈር፣ ከዚያ ዓይን። ከዓይኗ ውስጥ ጥምዝማዞች እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። እነዚያን ጥምዝማዞች የሠራው ጆን ዊትኒ ሲሆን፣ መሣሪያው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ፣ የአየር መቃወሚያ መድፍ የሚያነጣጥር ማሽን ነበር። ሴትየዋ ማን ናት? ሙሉ ፊቷን አላየንም፤ የፊልሙ ወንጀል የቆመውም እዚያች ላይ ነው። በማግስቱ ዓመት «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» መጣ። ዳኝነትና ግድያ ነው፤ መክፈቻው ላይ ከወረቀት የተቀደደ ሬሳ እጁ ለብቻ፣ እግሩ ለብቻ፣ ጭንቅላቱ ለብቻ ሆኖ ይመጣል። ጠበቃ ከምስክር አፍ እየቀነጨበ የሚገጣጥመው ሬሳ ማለት ይኸው ነው።

የዚያን ፊልም ሙዚቃ የሠራው ዱክ ኤሊንግተን ነው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1966 ዓ.ም.፣ ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ተጫወተ፣ ለባንዱም ሙዚቃ አቀናበረ። ስለዚያ ጉብኝት ሲወራ ጃዙና ኒሻኑ ይነሳል። ከሙዚቃው ጋር አብራ የኖረችው የተቀደደች የወረቀት ሬሳ አትነሳም።

ሦስተኛውን ከላይ አይተናል፤ መስመሮቹና የመስተዋቱ ፎቅ። አራተኛው ነው ጠብ ያመጣው።

ሂችኮክ «ሳይኮ»ን የሠራው በርካሽ ነው። ወጪው 800 ሺህ ዶላር አካባቢ፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ባለሙያዎቹም በአብዛኛው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ ሠራተኞች። መነሻው የሮበርት ብሎክ ልቦለድ ነው። ባስ እዚህ ፊልም ላይ ሁለት ሥራ ይዞ ተመዝግቧል፤ የታይትል ዲዛይነር፣ ደግሞም «የሥዕል አማካሪ»። ሁለተኛው ማዕረግ ነው ነገር ያዘለው።

ታይትሉን ላስቀድም። ግራጫና ጥቁር ዘንጎች ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እየተወረወሩ ማያውን ይሸነሽኑታል። ስሞቹ ሲመጡ ሙሉ ሆነው አይመጡም፤ በአግድም ተቆርጠው፣ የላዩ ሽንሽን ወደ አንድ ወገን የታቹ ወደ ሌላ ተንሸራቶ ይታያሉ፣ ለአፍታ ይገጥማሉ፣ እንደገና ይበተናሉ። በርናርድ ኸርማን በክር መሣሪያ ብቻ የጻፈው ሙዚቃ ከሥር ይጋልባል። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ይህ የተሠራው ረጃጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ቀለም ተቀብቶ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ በእጅ እየተገፋ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀረጸ ነው። ዘንጉ ትንሽ ከተወላገደ ሥራው ከመጀመሪያ። የፊደል ሠዓሊው ሃሮልድ አድለር ከገፊዎቹ አንዱ ነበር። ፊልሙ አእምሮው ለሁለት የተሰነጠቀ ሰው ታሪክ እንደሆነ ታይትሉ ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሳይደርስ ነግሮን ጨርሷል። ማን ሰማው?

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ እንግባ። ተዋናይቷ ጃኔት ሊ ሻወር ስትወስድ በመጋረጃው ጀርባ ጥላ ይመጣል፣ መጋረጃው ይገፈፋል፣ ቢላዋ ይወርዳል። መውጋቱ ራሱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቀረጻው ግን በታኅሣሥ 1952 ዓ.ም. ሰባት ቀን ወሰደ፤ 78 የካሜራ አቀማመጥ፣ 52 ቁርጥ። (ለሰንጋ ተራ ሰው ቁርጥ ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሁለቱም ትርጉም ያስኬዳል።) እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ትዕይንት ብቻ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ስሙን «78/52» ያለው ለዚህ ነው። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሥጋ ሲወጋ የሚሰማው ድምፅ ሐብሐብ መሰል ፍሬ ሲወጋ የተቀዳ ነው። ገዳዩን የሚጫወተው አንቶኒ ፐርኪንስ ያን ሳምንት ኒውዮርክ የመድረክ ሥራ ይለማመድ ነበር፤ ጥላ ሆና ቢላዋ ያነሳችው ማርጎ ኤፐር የምትባል ሴት ናት። ገላው አንዳንድ ቦታ የጃኔት ሊ ሳይሆን የማርሊ ሬንፍሮ ነው። እንግዲህ ገዳዩ ገዳይ አይደለም፣ ሟቿ ሟች አይደለችም፣ ደሙም ደም አይደለም። በዚህ ሁሉ መካከል ነው «ዳይሬክተሩም ዳይሬክተሩ አይደለም» የሚል ድምፅ የመጣው።

ድምፁ የባስ ነበር። ፊልሙ ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ትዕይንቱን በሥዕል ነድፌ ብቻ አልቀረሁም፣ ቀረጻውንም የመራሁት እኔ ነኝ ማለት ጀመረ። እሱ እንደሚለው አስቀድሞ በተዋናይቷ ምትክ ሌላ ሴት አቁሞ በዜና ካሜራ ሙከራ ቀርጿል፣ ለሂችኮክም አሳይቷል። በቀረጻው ቀን ደግሞ ሂችኮክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እሱን ቀጥል አለው። ክስ ነው፣ ያውም በተከበረ ሰው አንደበት። ሂችኮክ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ላይ ግን የባስን ስም ያነሳው ለሌላ ትዕይንት ነው፤ መርማሪው አርቦጋስት ደረጃ ላይ ለሚገደልበት።

የደረጃው ነገር መነገር አለበት። ሂችኮክ ታሞ በቀረበት ቀን ረዳቱ ሂልተን ግሪን የባስን ሥዕል ይዞ ቀረጻውን አካሄደ፤ እጅ የደረጃውን እንጨት ሲይዝ፣ እግር ሲወጣ፣ በእንጨቶቹ መካከል። ሂችኮክ አይቶ ጣለው። ምክንያቱ የምርመራ ፊልም ለሚሠራ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። እጅና እግር ብቻ እየተቆራረጠ ሲታይ የሚወጣው ሰው ገዳይ ይመስላል፤ አርቦጋስት ግን ሟች ነው፣ ምንም የማያውቅ ንጹሕ ሰው። እንደ ንጹሕ ሰው፣ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ከዚያም ግድያውን ከጣሪያው ሥር ቁልቁል ቀረጸው።

ምስክሮቹስ? ጃኔት ሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው መጽሐፍ ባስ እንዳልመራት፣ የመራት ሂችኮክ እንደሆነ ጻፈች። ያን ሳምንት እርጥብ ወለል ላይ የቆመችው እሷ ናት። ሂልተን ግሪንም ባስ ካሜራ አላዘዘም ባይ ነው። በሌላው ወገን፣ ከባስ ልጅ ከጄኒፈር ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2011 ትልቁን የባስ መጽሐፍ ያወጣችው ፓት ከርካም የሰውየው ድርሻ ከሚነገረው ይበልጣል ብላ ትከራከራለች፤ የተረፉት ሥዕሎችም አሉላት። ሥዕሎቹና ፊልሙ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መመሳሰላቸው አያጠያይቅም፤ የተዘረጋው እጅ፣ መጋረጃው ከቀለበቱ ሲገነጠል፣ ውሃው ወደ ቱቦው ሲሽከረከር።

ክሱ ልደታ ችሎት ላይ ቢቀርብ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ ነበርክ?» ብሎ ነው። እዚያ የነበሩት ሰዎች ቃል ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ሁለተኛ፣ ሂችኮክ የሰውን ሥራ ሊሰርቅ ቢያስብ ኖሮ ባልተለመደ ማዕረግ ስሙን ማያው ላይ አይለጥፍለትም ነበር። ሦስተኛው ለኔ ከሁሉ ይከብዳል። ሂችኮክ ራሱ ፊልም ዓለም የገባው በታይትል ነው። ባስ በተወለደበት በ1912 ዓ.ም. አካባቢ፣ ለንደን ኢዝሊንግተን በሚገኝ ስቱዲዮ፣ ለድምፅ አልባ ፊልሞች የጽሑፍ ካርድ ይነድፍ ነበር። ጽሑፍ ከምስል ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚፈጠር የሚያውቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ለ«ዘ ሎጀር»፣ የለንደንን ነፍሰ ገዳይ ለሚያድነው ፊልሙ፣ ካርዶቹን የሠራው የታወቀው የፖስተር ሠዓሊ ማክናይት ካውፈር ነው። ታይትል ሠሪን መስማት ለሱ ውርደት አልነበረም፤ ወንበሩን ለታይትል ሠሪ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የደረጃውም ጉዳይ ይህንኑ የሚያሳይ ይመስለኛል።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዳኛ ነው። «ቢላዋውን ማን ሳለው?» ብለን እንጠይቅ። በንጉሡ ሠ ብጽፈው ሥዕል ነው፣ በእሳቱ ሰ ብጽፈው ስለት። ባስ ሣለው፤ ስለቱም ከሥዕሉ የመጣ ነው። የጨበጠው ግን ሌላ እጅ ነው። ደግሞ ኸርማንን አንርሳ፤ ሂችኮክ ሻወሩ ያለ ሙዚቃ ይሁን ብሎ ነበር፣ ኸርማን ግን ጽፎ አሰማው፣ ሂችኮክም ሐሳቡን ለወጠ። ዛሬ ያንን ጩኸት አውጥቶ ትዕይንቱን የሚያስብ አለ? ስለ እሱ ድርሻ ግን ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ሙዚቃ ባለቤቱ ይታወቃል፣ የሥዕል ባለቤት ነው ሁልጊዜ የሚጠፋው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የምርመራ ታሪክ ለእኛ ከሲኒማ በፊት የኖረ ነው። ወንጀል ሠሪው ሲሰወር የአገሩ ሰው ሜዳ ወጥቶ አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም ነበር። የተሰረቀ ነገር ሲኖር ሌባ ሻይ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ከየቤቱ ደጃፍ እየተንገዳገደ፣ ሕዝቡ እያጀበው። ሙግቱ ደግሞ በላ ልበልሃ ነበር። ተሟጋቹ ወደ ነገሩ ከመግባቱ በፊት ቤት በሚመታ ንግግር ችሎቱን ይከፍታል፣ ነጠላውን ያጣፋል፣ ጣቱን ይቀስራል፣ ፍሬ ነገሩን በግጥሙ ውስጥ ቋጥሮ ያስቀምጣል። ያ መክፈቻ ታይትል ካልሆነ ምን ይባላል? ዳኛው ከዚያ ብዙውን ነገር ይረዳ ነበር።

ሲኒማችንም በጥያቄ ነው የጀመረው። በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ስሙ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነው፤ ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፣ ዳይሬክተሩ ላምብሮስ ዮካሪስ። ጥያቄ ምልክቱ ብቻ መርማሪ ያስጠራል። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ፤ ሳያስበው ባልንጀራውን የገደለ ሰው በሰንሰለት ታስሮ የደም ካሳ ሲለምን። ገዳዩ ከመነሻው ይታወቃል፤ የማይታወቀው ልቡ ነው። ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚህ ፊልም ነው። ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጣበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን አጋጣሚ እወዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ቪዲዮው መጣ፣ ዲጂታሉ ተከተለ፣ የቴሌቪዥን ድራማውን «ሰው ለሰው»ን ለማየት ሰው ከቤቱ ተሰበሰበ፣ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ መንገድ ላይ ተረገመ። ቢላዋና የሚንጠባጠብ ቀይ ፊደልም በየፖስተሩ በዛ። ደም የሚያንጠባጥብ ፊደል፣ በኔ ዳኝነት፣ ሳይጠየቅ የሚያምን ተከሳሽ ነው።

የባስ መንገድ ከእሱ ጋር አልሞተም። ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የዴቪድ ፊንቸር «ሰቨን» ወጣ፤ ታይትሉን የሠራው ካይል ኩፐር ነው። ሁለት እጆች በምላጭ የጣታቸውን ቆዳ ይልጣሉ፣ መጽሐፍ ይሰፋሉ፣ ፎቶ ይቆርጣሉ። ፊደሎቹ በእጅ ተጭረው የተጻፉ፣ የሚንቀጠቀጡ ናቸው። የገዳዩን ማንነት የምናውቀው ፊልሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው፤ እጁን ግን ከመነሻው አሳይተውናል፣ አሻራ ለምን እንደማይገኝም ጭምር።

ባለፈው ሰሞን፣ ሰንጋ ተራ አንዱ ሕንፃ ላይ ቢሮ ያለው አንድ ወጣት ኤዲተር ወዳጄ ዘንድ ጎራ አልኩ። የወንጀል ድራማ መክፈቻ ይሠራል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን አንብቡልኝ» አለኝ ኮምፒዩተሩን እያዞረ።

የ«ሳይኮ»ን ዓይነት ዘንግ በአግድም እያሻገረ፣ ከሥር አንድ ቃል አስቀምጧል። የቃሉ ላይኛው ግማሽ ይታያል፣ እግሩ ተሸፍኗል።

«ተገደለ» አልኩት።

ዘንጉን ገፋው። «ተጋደለ» ይላል።

ሳቅን። የላቲን ፊደል ከወገቡ በላይ ብቻ ቢታይ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ ባስ ያን ሁሉ ሲሸነሽን ስሞቹ ያልጠፉት ለዚያም ነው። የእኛ ፊደል ግን ምስጢሩን ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። ካዕቡ ወገቡ ላይ ይቀጥላል፣ ሣልሱና ኃምሱ እግሩ ላይ፣ ራብዑ እግሩን ያረዝማል ወይም ያጥፋል፤ ሳድስና ሳብዕ እንደየፊደሉ ጠባይ ናቸው። ራሱን ብቻ ያየ ሰው ድምፁን እንጂ ቃሉን አያገኝም። ተገደለ ካለ ሟች አለ፣ ገዳይ አለ፤ ተጋደለ ካለ ሁለቱም ቢላዋ ይዘው ነበር ማለት ነው። ጠበቃ በሁለቱ መካከል ስንት ዓመት እስራት እንዳለ ያውቃል፤ ያም ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ የገ እግር ላይ ነው።

«ታዲያ ስህተት ነው ብዬ ልጥለው ነበር» አለኝ። «ሲነበብ ይምታታል ብዬ።»

«ድራማው መጨረሻው ምንድን ነው?»

ዝም ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እሱንማ አልነግሮትም።»

«እንግዲያው እንዳትጥለው» አልኩትና ማኪያቶዬን ጨረስኩ።

ስወጣ መሽቷል። የባንኮቹ መስተዋት አሁን ፀሐይ ሳይሆን የመኪና መብራት ይከታትፋል፤ ቀይ ቀይ፣ ቢጫ ቢጫ፣ በቁምና በአግድም። ረዳቱ ደረቱን አውጥቶ «ጦር ኃይሎች በልደታ! አንድ ሰው!» ይላል። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ግን ሽቅብ መስተዋቱን ሳይ ቆየሁና ስደርስ በሩ ጥርቅም አለ።